ፈረሰኛውና ነጩ ዱቄት

ሼፊልድ፣ ጥቅምት 12 ቀን 1995 ዓ.ም.

ይድረስ ለእታለም ባንቺዓለም፤

የወይራ አምባው ጊዮርጊስ ጥላ፣ የአሸተን ማርያም በረከት ከደጃችሁ አይራቅ እያልኩ፣ አንቺ፣ ባለቤትሽ አባ ፈንታው፣ ልጃችሁ ብርቅዬና ባለቤቷ እንደምን ከረማችሁ? እኔ አምላክ ይመስገን ደህና ነኝ፤ ብርዱን ብቻ አልለመድኩትም። የዚህ አገር ዝናብ እንደኛ ክረምት ወርዶ አይገላግልም፤ ቀኑን ሙሉ እንዳኮረፈ ልጅ ያለቅሳል።

ባለፈው እሑድ የገጠመኝን ልንገርሽና ሳቂብኝ። ከምሠራበት የሽማግሌዎች መጦሪያ ስወጣ አንድ አዳራሽ ውስጥ አሮጌ ዕቃ ሲሸጥ አየሁና ገባሁ። ከስኒውና ከመጽሐፉ መካከል ማን ቆሞ ቢጠብቀኝ ጥሩ ነው? መሪጌታ ብዬ የሰየምኩት የብረት ሰው! ያ አውራ ጣት የሚያህለው፣ ጢሙ እስከ ቀበቶው የወረደው፣ በትሩን ወደ ላይ ያነሣው ሽማግሌ። አጠገቡ ድንኩ ባለ መጥረቢያ፣ ከሱ ቀጥሎ ባለ ቀንዱ። ጠረጴዛውን ይዤ ስቆም ሻጩ ያመመኝ መስሎት ወንበር አመጣልኝ።

ታስታውሻለሽ መቼም። ኮሊን ቧንቧው በ1984 የመጠጥ ውሃ መስመር ሊዘረጋ መጥቶ እናቴ ግቢ ክፍል የተከራየ ጊዜ፣ ከሥራ ሲመለስ እግሩን ታጥቦ ይቀመጥና እነዚያን ትናንሽ የብረት ሰዎች እንደ ቅንድብ ፀጉር በቀጠነች ብሩሽ ቀለም ይቀባቸው ነበር። ከልጅነቱ ጀምሮ ያጠራቀማቸው ናቸው። ጨዋታም ነበራቸው። ሃያ ፊት ያላት ጠጠር እየጣልን፣ "ዋሻ ውስጥ ገባህ። በግራ በር አለ። በቀኝ የሚያጉረመርም ነገር አለ። ምን ታደርጋለህ?" ይለኛል በዚያ በተሰባበረ አማርኛው። እኔ ደግሞ ዋሻ ሲለኝ የሚታየኝ ላሊበላ ከተማ ያለው፣ ሲኦል የምንለው ጨለማ መተላለፊያ ነበር። ግድግዳውን እየዳበስኩ የምሄድ ይመስለኝና በላብ እጠመቃለሁ። ፈርቼም ግን "ቀጥል" እለዋለሁ። እንደዚያ ያለ ፍርሃት ከዚያ ወዲህ አላገኘሁም፤ አሁን የምፈራው የቤት ኪራይ ነው።

በየወሩ አንድ አንድ እየሰጠኝ ቆየና፣ ወዳገሩ ሲመለስ የቀሩትን ከነሣጥናቸው ተወልኝ። እዚህ እንደኔ የሚያጠራቅሙ ሰዎች አግኝቻለሁ፤ ፀጉራቸው የሸበተ፣ ልጅነታቸውን ከየገበያው የሚለቅሙ ወንዶች። እኔም ገባሁበት። ግን የሰው ልጅነት ገዝቼ ምን ይሠራልኛል? የራሴን ነው የምፈልገው። እታለም፣ ሣጥኔን ፈልጊልኝ። ከሁሉም በላይ ፈረሰኛውን፤ ጦሩን ዘንዶው አፍ ውስጥ የሰካውን። ቀይ ካባውን የቀባሁት በገዛ እጄ ነው። ተስቦ ይዞኝ የተኛሁ ጊዜ ጠፋብኝ፤ እናቴን ስጠይቃት "ያ ፈረንጅ መልሶ ወስዶት ይሆናል" ትለኝ ነበር። ኮሊን የሰጠውን የሚነሣ ሰው አልነበረም።

የእናትሽ እህት የትሁን ልጅ፣ እናቱ ከሞተች ወዲህ አንቺ ያሳደግሽው፣
እሱባለው

* * *

ወይራ አምባ፣ ኅዳር 29 ቀን 1995 ዓ.ም.

ለወንድምዓለም እሱባለው፤

አውጥቶ የወሰደህ አምላክ ባወጣበት እጁ ይመልስህ። እኛ ደህና ነን፤ ላሟ ብቻ ገደል ገብታ ሞተች። ቄስ ፈንታው በጸሎት ያስቡሃል። ብርቅዬ ያለፈው ሐዘኗ ገና አልለቀቃትም፤ ሁለተኛውም ፅንስ እንደ መጀመሪያው ሳይቆይ እንደቀረ ሰምተሃል። አንድ ልጅ ይዞ መኖር እንዲህ ነው፤ እሷ ስታለቅስ እኔ ደጅ ወጥቼ እንጨት እፈልጣለሁ።

ደብዳቤህን ያነበብኩት ራሴ ነኝ፣ መልሱንም የምጽፈው ራሴ ነኝ። ስድስተኛ ክፍል ያደረሱኝን አስተማሪ ነፍሳቸውን ይማርና የሰው እጅ አልለምንም። ደግሞም እንኳን አልለመንኩ! "የአክስትሽ ልጅ ምን አለ?" ቢሉኝ ምን ልበል? አሻንጉሊት አማረው ልበል? እኛ ሚስት ያገባል ስንል አንተ ድንክ ትገዛለህ።

ሣጥንህ አለ። ከጎታው ኋላ፣ አይጥ ከማይደርስበት። ስከፍተው ያ ባለ ቀንዱ ፊት ለፊት ገጠመኝና አማትቤ መልሼ ዘጋሁት። ያን ጊዜም አልወደውም ነበር፣ እናትህም አትወደውም፤ ለልጄ በሽታ እንዳይጠራበት እያለች ከቤት ውስጥ አታሳድረውም ነበር። የቄስ ቤት ውስጥ ጋኔን በሣጥን! ቄሱ ምንድነው ቢሉኝ "የእሱባለው የትምህርት ዕቃ ነው" አልኳቸው። ምስክር፣ አብሮህ እንግዳ ይመራ የነበረው፣ አሁን ከተማ ሆቴል ከፍቷል። ለጥምቀት ከሚመጡት ፈረንጆች ታማኝ ሲያገኝ ይልክልሃል።

ፈረሰኛው ግን የለም። እናትህ እንዳለችህ ነው። ተወው። የተኛ ድንጋይ አታገላብጥ።

እህትህ ባንቺዓለም

* * *

ሼፊልድ፣ ታኅሣሥ 25 ቀን 1995 ዓ.ም.

ለእታለም ባንቺዓለም፤

የልደቱ ብርሃን በቤታችሁ ይግባ። በላሟ አዝኛለሁ፤ ምትክ ትሆን ዘንድ አቅሜ የቻለውን ለምስክር ልኬለታለሁ። ብርቅዬን ሳሚልኝ፤ ምን ብዬ እንደማጽናናት ስለማላውቅ ነው ለሷ የማልጽፈው።

አሁን ወደ ተኛው ድንጋይ ልመለስ። እኔ አንቺን አውቅሻለሁ። የምታውቂውን ነገር መናገር ሳትፈልጊ "ተወው" ትያለሽ። የማታውቂው ከሆነ ግን "እኔ ምን አውቄ!" ነው የምትይው። ስለዚህ ፈረሰኛው የት እንዳለ ታውቂያለሽ። ለቱሪስት ተሸጦ ከሆነ አልቀየምም። ያን ጊዜ ችግር ነበር፤ እናቴም የምታደርገው አጥታ ነው። ብቻ ልወቀው። ካባውን ስቀባ ኮሊን እጄን ደግፎ ይዞኝ እንደነበር፣ እናቴ ደጃፉ ላይ ቆማ "ቀለሙ ልብስህን እንዳያበላሽ" ስትለኝ እንደነበር ትዝ ይለኛል። የእናቴን ድምፅ የምሰማበት ሌላ ነገር የለኝም። የቀረኝ ፎቶግራፍ እንኳ ዝም ያለ ነው።

ሌላ ነገር ልጠይቅሽ። ቶም የሚባል ሽማግሌ ሰብሳቢ አሮጌዎቹን እንዴት እንደምጠብቅ ያስተምረኛል። እንዲህ ያሉት የድሮዎቹ ዝግ የእንጨት ሣጥን ውስጥ ሲኖሩ ይታመማሉ ይላል፤ ይልቁንም ጠንካራ እንጨት ሲሆን። ነጭ ዱቄት ያወጣሉ፣ ቢጠርጉት ተመልሶ ይመጣል፣ ቀስ በቀስ ይበላቸዋል። የኔዎቹ ላይ ነጭ ነገር ታይቶሽ እንደሆነ ጻፊልኝ።

ታናሽሽ እሱባለው

* * *

ወይራ አምባ፣ ጥር 30 ቀን 1995 ዓ.ም.

ለወንድምዓለም እሱባለው፤

ላም የገዛህልኝ ልጅ፣ ጊደርህ በደጅህ ትርባልህ። ቀይ ናት፣ ነገረኛ ናት፣ ወድጃታለሁ።

ደብዳቤህን ይዤ ብዙ ቆየሁ። ነጭ ዱቄት የሚለውን ሳነብ ፀጉሬ ቆመ። ማን ነገረህ? ሣጥንህ ውስጥ ያሉት ምንም የላቸውም። ዱቄት ያለው ፈረሰኛው ነው። ይኸው ተናገርኩት፤ እናትህ ትማረኝ።

በተስቦ የተኛህ ጊዜ ሰው ሁሉ ተስፋ ቆርጦብህ ነበር። ዓይንህ ተገልብጦ እናትህን አታውቃትም ነበር። ያን ጊዜ ፈረሰኛውን ከትራስህ ሥር አነሣችው። በፈረስ የተቀመጠ፣ ቀይ የለበሰ፣ ዘንዶ የሚወጋ፤ አንተ አሻንጉሊት ብትለውም እሷ ያየችው ቅዱስ ጊዮርጊስን ነው። "ልጄን አትርፍልኝና ያንተው ይሁን" ብላ ተሳለች። ተነሣህ። እሷም ይዛው ወጣችና ለቤተ ክርስቲያኑ ሰጠችው። ያን ጊዜ የነበሩት ቄሰ ገበዝ ከየት አመጣሽው አላሏትም፣ እሷም አልነገረቻቸውም። ለኔ ብቻ ነው የነገረችኝ፣ አፌን አስምላ። አሁን የዕቃ ቤቱ ቁልፍ በቄስ ፈንታው እጅ ነው፤ እሳቸውም አያውቁም። አሁንማ ከላሊበላ ንጉሥ ዘመን የመጣ ነው የሚሉ ሽማግሌዎችም አሉ። እኔ ዝም።

ከጥቂት ዓመት በፊት አናጢው አራጋው ከወይራ ጥሩ ሣጥን ሠራለትና እዚያ ውስጥ ተቀመጠ። ከዚያ ወዲህ ነው ከፈረሱ ሆድ ሥር ነጭ ዱቄት መውጣት የጀመረው። ቢጠርጉት ይመለሳል። ሕዝቡ ጊዮርጊስ እምነት አፈለቀልን ብሎ እልል አለ። እንደ ሌላው እምነት ቄሱ በማንኪያ ጫፍ ከጸበል ጋር በጥብጠው ለታመመ ይሰጣሉ፤ ይልቁንም ልጅ ላጣች፣ ላረገዘች። ብርቅዬም በሱ ነው የፀነሰችው፤ አሁንም ሦስተኛዋን ይዛለች! ይህን የምሥራች ነበር መጀመሪያ መጻፍ የነበረብኝ። ስድስተኛ ወሯን ጀምራለች። በየሰንበቱ አባቷ ራሳቸው እቤት ድረስ ያመጡላታል። ይኼኛው ይቆያል ብለናል።

ስለዚህ ፈረሰኛውን አትጠይቀኝ፤ ስለት አይመለስም። ብቻ ስለ ዱቄቱ ለምን እንደጠየቅኸኝ ንገረኝ።

እህትህ ባንቺዓለም

* * *

ሼፊልድ፣ የካቲት 21 ቀን 1995 ዓ.ም.

እታለም፤

ሰላምታዬን አሳጥሬዋለሁ፣ ይቅር በይኝ። ለምስክር ስልክ ደውዬ፣ "ደብዳቤ ይመጣል፤ በደረሰበት ቀን ራስህ ይዘህ ወይራ አምባ ውጣ" ብዬዋለሁ። ምን እንደሆነ አልነገርኩትም። ይህ ነገር በከተማው አፍ ገብቶ አባ ፈንታው ከሰው ከሰሙት በቁማቸው ይሞታሉ።

ብርቅዬ ያን ዱቄት እንዳትቀምስ። ዛሬውኑ። ማንም እንዳይቀምሰው።

ፈረሰኛው የተሠራው ከእርሳስ ነው፤ ጽሕፈት የምንጽፍበትን አይደለም የምልሽ፣ ጥይት የሚሠራበትን ለስላሳ ብረት፣ አረሩን። ያኔ እንደዚያ ነበር የሚሠሩት፤ አሁን አቁመዋል፣ ያቆሙትም ልጆች ወደ አፋቸው እየከተቱት ስለተመረዙ ነው። ነጩ ዱቄት ብረቱ ሲበሰብስ የሚወጣው ነው። እንጨቱ ነው ያበሰበሰው፤ የአራጋው ወይራ። የቅዱሱ ጥፋት አይደለም፣ የእናቴም፣ የአባም አይደለም። እንዲያው ዝም ብሎ መርዝ ነው።

መጦሪያው የሚመጡትን ሐኪም የሌላ ሰው ነገር አስመስዬ ጠየቅኋቸው። በእናቱ ደም ወደ ማሕፀን ያልፋል አሉ። ፅንስ ያስወርዳል። ተወልዶ ቢያድግ እንኳ አንጎሉን ይነካዋል፤ መናገር ይዘገያል፣ ይጥለዋል። ጡት የሚጠባ ሕፃን ደግሞ ከእናቱ ወተት ይወስደዋል። ይህን ስሰማ የማስበው ስለ ብርቅዬ ሁለቱ ነበር። ልጽፍልሽ አልፈለግሁም፤ ግን ጻፍኩት።

እኔ መጫወቻዬን ነበር የጠየቅሁሽ፣ እታለም። ሌላ ምንም አልነበረም የጠየቅሁት።

እሱባለው

* * *

ወይራ አምባ፣ መጋቢት 20 ቀን 1995 ዓ.ም.

እሱባለው፤

ምስክር ደብዳቤህን አምጥቶ ሰጠኝና ፊቴን እያየ ቆመ። ደህና ነው፣ የጤና ነው ብዬ ሸኘሁት። አንብቤ ስጨርስ በጥፊ የመታኸኝ ያህል ተናደድኩ። ፈረንጅ አገር ሰውን እንዲህ ያደርጋል? ያተረፈህን መርዝ ትለዋለህ? ለእናትህ አጥንት አታዝንም? ያ ባለ ቀንዱ ነው በእጅህ የሚያጽፍህ አልኩ። ሣጥንህን አውጥቼ እሳት ልከተው ነበር። ራሴን ሰብስቤ ቁጭ አልኩና ይህን ያህል ጽፌ ወረቀቱን አስቀመጥኩት።

ዛሬ ነው የቀጠልኩት። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይላሉ፤ መጠርጠር ከጀመርኩ ወዲህ ግን እኔ ነኝ የተመነጠርኩት። እንጀራ ስበላም አስበዋለሁ። ሣጥኑ ከተሠራ ወዲህ ነው ዱቄቱ የመጣው። ብርቅዬ የመጀመሪያዋን ያጣችው ዱቄቱን መውሰድ ከጀመረች በኋላ ነው። ስታጣ ደግሞ የበለጠ ጨመርንላት። ሁለተኛዋን አጣች። አሁንም የበለጠ ጨመርን። ልጄን ማን ነው የሚያጠጣት? የገዛ አባቷ! እኔ ደግሞ አገጯን ይዤላት ነበር።

ባለፉት ሰንበቶች ቄሱ በጠርሙስ ሲያመጡላት እኔ እቀበልና ከጓዳ ምንም የሌለበትን ጸበል አምጥቼ አጠጣታለሁ። የሳቸውን ከማድጋው ኋላ ደብቄዋለሁ። አልደፋሁትም፤ እንዴት ይደፋል? የተጸለየበት ነው። ብርቅዬ አላወቀችም። እሳቸውም የሚያውቁ አይመስለኝም፤ ግን ሲያዩኝ እንደ ሌባ ዓይኔን እሰብራለሁ።

የብርቅዬን ልደብቅ፤ የሌላውንስ? ከቅዳሴ በኋላ የጎረቤታችን የአለሜ ሚስት ሕፃኗን አዝላ ተሰልፋ ስትጠጣ አየኋት። ልጇ ዓመት አልፎት አንገቱ አልጸናም። "በርታ፣ ይኼ ያጸናሃል" እያለች ከጣቷ ታልሰዋለች። አፌን ከፈትኩ፤ ሰው ዞሮ አየኝና ዘጋሁት። ምን ብዬ ልናገር? አሻንጉሊት ነው ልበል? ቄሱን ሕዝቡ ምን ያደርጋቸዋል? እኔ ሳውቅ ይህን ሁሉ ዓመት ዝም ያልኩትንስ?

አንድ ነገር ብቻ አለ። ስለት አይመለስም፣ ግን ይለወጣል። የተሳሉለት ሰው ራሱ የሚበልጥ ነገር አምጥቶ የመጀመሪያውን ሊያሳርፈው ይችላል። የተሳሉለት አንተ ነህ። ቶሎ በል። ለቄሱም አንተ ጻፍላቸው፤ እኔ ፊታቸው ቆሜ የምናገርበት አፍ የለኝም።

ባንቺዓለም

* * *

ሼፊልድ፣ ሚያዝያ 14 ቀን 1995 ዓ.ም.

እታለም፤

የትንሣኤው ጌታ ከዚህ ጭንቅ ያውጣን። ለምስክር ገንዘቡን ልኬያለሁ፤ ከአዲስ አበባ ወርቃማ ዘርፍ ያለው ቀይ የከፋይ ጥላ አስመጥቶ ለግንቦት ጊዮርጊስ ይዞ ይወጣል። ሰው ቢጠይቅ፣ "እናቱ የተሳለችለት ልጅ አድጎ ስለቱን ለወጠ" በይ። ሐሰት የለበትም። ከዚህ ጋር ያለውን ለአባ ስጫቸው። መጀመሪያ አታለዝቢላቸው፤ ያንብቡት።

ይድረስ ለአባቴ ለቄስ ፈንታው፤

ጉልበትዎን እስማለሁ። በሕይወቴ እንዲህ ያለ ደብዳቤ እጽፍልዎታለሁ ብዬ አላሰብኩም። ከወይራው ሣጥን ያለው ፈረሰኛ እኔ በልጅነቴ የተጫወትኩበት፣ ፈረንጅ የሰጠኝ የእርሳስ ቅርጽ ነው። እናቴ በእምነቷ ሰጠችው፤ አምላክም እምነቷን አይቶ አተረፈኝ፤ በዚህ አልከራከርም። ነገር ግን ብረቱ በስብሷል፣ ዱቄቱም መርዝ ሆኗል። ማሕፀን ውስጥ ያለውን ይገድላል፣ ሕፃኑን ከአንጎሉ ይመታዋል። እባክዎን ለማንም አይስጡ። ለብርቅዬም፣ ለአለሜ ልጅም፣ ለማንም። እርስዎ ያላወቁትን አድርገዋል፤ ይህን ማንም አይፈርድብዎትም። ጥላውን ተቀብለው ፈረሰኛውን ያሳርፉልኝ። አባቴ፣ ይቀየሙኝ፤ ብቻ ያቁሙ።

ልጅዎ እሱባለው

* * *

ወይራ አምባ፣ ሰኔ 14 ቀን 1995 ዓ.ም.

ለወንድምዓለም እሱባለው፤

አስቀድሜ የምሥራቹን፤ ብርቅዬ ወለደች። ወንድ ነው። ድምፁ ከግቢው አልፎ ይሰማል፤ ሲያለቅስ ደስ ይለኛል። አንገቱን በየቀኑ አያለሁ፣ ዓይኑ ብርሃን ይከተል እንደሆነ በሻማ እሞክረዋለሁ፣ ብርቅዬ "እማዬ ልጄን አታስደንግጪ" ትለኛለች። እስካሁን ደህና ነው። ይህን ስልህ እንኳ እፈራለሁ።

ጥላው ደረሰ። ሴቱ እልል አለ፣ ስምህ ተነሣ፣ ሽማግሌዎች "እንዲህ ያለ ልጅ ይውለድ" ብለው መረቁ። ማንም ምንም አልጠረጠረም። ፈረሰኛው በጧፍ ሰም ተደፍኖ በገንቦ ተከቶ ከመቅደሱ ኋላ አረፈ። የወይራው ሣጥን ተቃጠለ። ለተሰለፉት ሴቶች ቄሱ፣ "እምነቱ ቆሟል፣ ከእንግዲህ በጸበሉ ብቻ" አሏቸው። የአለሜ ሚስት አለቀሰች። ጤና ጣቢያ ውሰጂው ብዬ ልጇን ሳልሰለች እየጎተጎትኩ ነው። ያሰብነው ሁሉ ተፈጸመ ማለት ነው፤ ግን ደብዳቤው እዚህ አያልቅም።

ቄሱ ደብዳቤህን ያነበቡት ከጥዱ ሥር ቆመው ነው። እኔ ከበሩ ሆኜ አያለሁ። አንብበው አጠፉት፣ ደግመው ገልጠው አነበቡት። ይቆጡኛል ብዬ ነበር። ወደኔ መጥተው፣ "ከማድጋው ኋላ ያስቀመጥሽውን አምጪ" አሉኝ። ያውቁ ነበር፣ እሱባለው! መደበቄን ያውቁ ነበር፤ ልጅቷ ጸበሉ በዛባት ብላ ያዘነች እናት መስያቸው ዝም ብለውኛል። ጠርሙሶቹን ሁሉ አመጣሁ። ከገንቦው ጋር አብረን እንቅበረው አልኳቸው። "ፈረሱ ብረት ነው፣ ይቀበራል፤ የጸለይኩበትን እንዴት እቀብራለሁ? ደግሞም ዱቄት ነው፤ ዝናብ ወደ ምንጩ ቢያወርደውስ?" አሉ። እውነት ነው አልኩ። ሌላ ምን ያደርጉታል ብዬ አልጠየቅኩም። አለመጠየቄ ነው የሚበላኝ።

ከጥላው ማግስት ቀድሰው እንደ ወጡ ጠርሙሶቹን ባዶ ሆነው አገኘኋቸው፣ ታጥበው፣ ተገልብጠው። ከሣጥኑ የተጠረገውም የለም። የት አደረጉት ብላቸው፣ "ቅዱስ ነገር ሲተርፍ ማን ይጨርሰዋል? ካህኑ አይደለም ወይ?" አሉኝ። ጮኽኩ። አፌን በእጃቸው ያዙኝ። "ባንቺዓለም፣ በእጄ ያጠጣሁትን በአፌ ጨረስኩት። ለነዚያ ሴቶች ምን እንዳቀመስኳቸው ማወቅ አለብኝ" አሉ። እንደ ሕፃን በትከሻቸው ላይ አለቀስኩ፤ እሳቸው ግን ከደብዳቤህ ወዲህ ያን ቀን ነው ፊታቸው የተፈታው።

በመጀመሪያው ሰሞን ምንም አልሆኑም፤ እንዲያውም ልጁ የተሳሳተ መሰለኝ ብዬ ደስ አለኝ። ከዚያ ሆዳቸውን ይይዛቸው ጀመር። አፌ ብረት ብረት ይለኛል ይላሉ። ከትናንት በስቲያ ሊያሳልሙኝ መስቀሉን ሲያነሡ የቀኝ እጃቸው ከአንጓው ታጠፈ፤ መስቀሉ ወደቀ። ለጎረቤት ብርድ ነው እንላለን። ጤና ጣቢያው የጨጓራ ኪኒን ሰጣቸው፤ የጠጡትን እንዳልናገር በልጅ ልጃችን አስምለውኛል። ይኸው ለአንተ ነገርኩ፤ አንተ ሩቅ ነህ፣ አይቆጠርብኝም።

ምስክር ይህን ዛሬ ይልከዋል። መልሱን በስልክ ንገረው፤ ሰው ቢሰማም ይስማ። በየካቲት የጻፍክልኝን ደብዳቤ አውጥቼ ደጋግሜ አነበብኩት። ማሕፀን ውስጥ ያለውን ምን እንደሚያደርግ ጽፈሃል። ሕፃኑን ምን እንደሚያደርግ ጽፈሃል። ስለ ትልቅ ሰው የጻፍከው የለም። ወንድሜ፣ ትልቅ ሰውን ምን ያደርጋል?

እህትህ ባንቺዓለም